ያልጠየቅኳቸው ሦስት ቃላት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴም፣ ለነፍስ አባቴም። በጾም ወተት መቅመሴን እንኳ ሳልደብቅ የተናዘዝኩ ሰው፣ ይህችን ግን በየዓመቱ ዘልያታለሁ።

መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ሰው «ጨዋ ልጅ» ይለኛል። አንገቴን ደፍቼ ስለምሄድ፣ ድምፄም ስለማይሰማ። ያ ጨዋነት ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ። ነጠላ የለበሰ ፍርሃት ነው።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የአረጋውያንን የመርሳት ሕመም ለሚያጠና ቡድን ተቀጠርኩ። ደም እወስዳለሁ፤ የማስታወስ ጥያቄም እጠይቃለሁ። በዚህ በሽታ አንጎል ሲጎዳ አንዳንድ ፕሮቲኖች ደም ውስጥ ከፍ ብለው ይታያሉ። ደሙ ብቻውን ግን አይበቃም። የጥያቄውም ውጤት ሲደግፈው ነው ሐኪም ወደ ቤት የሚላከው፣ ቤተሰብም የሚመከረው። ይህን በሥልጠናው ላይ ጽፌ በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበታለሁ። አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ሸህ እንድሪስ ከከተማው ወጣ ባለ መንደር ቁርአን የሚያስቀሩ፣ ማለትም ልጆችን ንባቡን የሚያስተምሩ አዛውንት ነበሩ። የሄድኩ ዕለት ልጃቸው ዘሃራ በር ላይ ያዘችኝ።

«እህቴ፣ አባዬ እየጠፉብኝ ነው» አለች በሹክሹክታ። «ትናንት እናቴን ‹ምሳ አቅርቢ› ብለው ተጣሩ። እናቴ ከሞተች ስንት ዓመቷ! ወንድሞቼ ‹አንቺ ነሽ የምታጃጂያቸው› ይሉኛል። ብቻቸውን በበቅሎ ወደ ከላላ ከተማ ገበያ ይሰዷቸዋል። ወረቀት ላይ የተጻፈ ግን ያምናሉ። አደራሽን፣ በወጉ ጠይቂያቸው።»

አደራ። ቃሉን ሰምቼዋለሁ።

ደሙን ወሰድኩ። ከዚያ ሦስት ቃል ነገርኳቸው፦ ቁልፍ፣ ማጭድ፣ ብርቱካን። ጥቂት ቆይቼ መልሼ እንደምጠይቃቸው ስናገር በዙሪያቸው የተቀመጡት ተማሪዎቻቸው ሳቁ። ሸህም ሳቁ።

«አንቺ ልጅ፣ ቁርአንን ሙሉ በልቡ የያዘን ሰው በብርቱካን ልትፈትኚ መጣሽ?»

«ሸኻችን፣ ማጭዱን ይርሱት፤ ብርቱካኑን ግን ለኛ ይያዙልን!» አለ አንዱ ተማሪ።

ሸህ ዐይናቸውን ጨፍነው አንድ ረጅም የቁርአን ምዕራፍ በቃላቸው አሰሙን። አንዲት ቃል አልተሰናከለችባቸውም። ፊቴ ጋለ። ሲጨርሱ «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ጥቂት ቆይተው ደግመው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁኝም የአባቴን ስም እንደ አዲስ ጠራሁላቸው። ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም። ዘሃራ ከግድግዳው ጥግ ሆና ታየኝ ነበር።

በልጅነት በቃል የተያዘው እንደሚቆይ፣ ቀድሞ የሚሸሸው የዛሬው መሆኑን የተማረው ማን ነው? እኔ። ሦስቱን ቃላት መልሶ ያልጠየቀው ማን ነው? እኔ። አዛውንትን በተማሪዎቻቸው ፊት አላሳፍርም አልኩ። ውሸት! የፈራሁት ለራሴ ነው፤ ዳግም እንዳይሳቅብኝ። ወረቀቱ ላይ ከሦስት ሦስት ብዬ ሞላሁ። የቀረውንም ጥያቄ ሳልጠይቅ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁና ፈረምኩ። ወንድሞቿ ወረቀቱን አይተው በዘሃራ ተሳለቁባት።

ከወራት በኋላ የቡድኑ ኃላፊ ደወለልኝ። የሸህ ደም ከፍ ያለ ምልክት አሳይቷል፤ የእኔ ወረቀት ግን ጤነኛ ናቸው ይላል። «በትክክል ጠይቀሻቸዋል?» አለኝ። አንድ «የለም» ይበቃ ነበር። «አዎ» አልኩ፤ በዚያው ሰው ጨዋ በሚለው ድምፄ። ሐኪም ሳይላክ ቀረ።

ክረምት ሲገባ፣ ገበያ በሌለበት ቀን፣ ሸህ በቅሏቸውን ጭነው «ለከላላ ገበያ» ብለው ወጡ። ዘሃራ ወፍጮ ቤት ነበረች። በቅሎዋ ብቻዋን ተመለሰች። እሳቸው በማግስቱ ከመንገዱ ርቆ ካለ ገደል ሥር ተገኙ። ሳምንት ሳይቆዩ ሞቱ።

ለቅሶ ሄድኩ። አዎ፣ ሄድኩ፤ እንዲህ ያለች ነኝ። ታላቅ ወንድሟ በሰው ሁሉ ፊት «ወፍጮ ቤት ስትንዘላዘይ አባታችንን አስበላሽን!» አላት። ትናንት ‹ምንም አልሆኑም› ያላት ያው አፍ ነው። ግን እሱን ልንቅ ምን መብት አለኝ? ለዚያ አፍ ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ዘሃራ እኔን ስታይ ተነሥታ እጄን ያዘች።

«አንቺስ ስምሽን ሦስቴ ሲጠይቁሽ ሳትሰለቺ መልሰሽ፣ አክብረሻቸው ነው የሄድሽ» አለችኝ። «አላህ ይስጥሽ።»

አሜን አልኩ።

ይቅርታ አልጠይቅም። ብጠይቃት ዘሃራ እንደምትሰጠኝ አውቃለሁ፤ እሱንም ወስጄ እንደገና ዝም እላለሁ። ይልቅ ወንድሞቿ ወረቀት አማኞች ናቸውና ይህን ወረቀት ይያዙ፦ ሦስቱን ቃላት አልጠየቅኳቸውም። አባታችሁ ታመው ነበር። እህታችሁ ያየችው እውነት ነበር። ያኔ በፈረምኩበት እጅ ፈርሜበታለሁ።