የአራት ገበያ ሳጥን

እትዬ ልክነሽን የማያውቅ ሰው ስለ ጤና ጣቢያችን ባያወራ ይሻለዋል። እኔ ድሬሰር ነበርኩ፤ መርፌ እወጋለሁ። እሷ ደግሞ የሳምባ ነቀርሳ ሕሙማንን ካርድ ትይዛለች። ትምህርቷ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ነው። ባሏ ሲሞትባት ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ እያመጣች እየሸጠች ሦስት ልጆች አሳድጋለች፤ የደንበኛን ቀጠሮ በገበያ ቀን መቁጠርም የለመደችው ያኔ ነው።

ካርዶቹን የምታኖርበትን ሳጥን አናጢ ዘንድ ወስዳ ውስጡን ለአራት አስከፋፍላዋለች፤ ለእያንዳንዱ ቅዳሜ አንድ ክፍል። ሕሙማኖቻችን አብዛኞቹ ከጨንቻ የሚወርዱ ሸማኔዎች ናቸው። ለቅዳሜ ገበያ ሲመጡ የአራት ሳምንት ክኒን ሰጥታ «ከአራት ገበያ በኋላ ና» ትልና ካርዱን በተራው ክፍል ትከተዋለች። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የዕለቱን ክፍል ትከፍታለች፤ የመጣው ሰው ካርድ ይወጣል። ገበያው ሲበተን ካርዱ እዚያው የቀረ ሰው ጠፍቷል ማለት ነው። በዚያው ሰዓት ለጎረቤቱ መልእክት ትልካለች። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።

በ1976 ጓድ ገነነ የሚባል ሰው ከበላይ አካል ተልኮ ትልቅ መዝገብ ይዞ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራውን ይወዳል። ግን ገበያ የሚሄደው በመኪና ነው። በእሱ መዝገብ ሰው የሚቀጠረው በወር በወር፣ በቀን ቁጥር ነው። በቀጠሮው ቀን ያልመጣ በቀይ ይጻፍበታል። ሦስት ቀይ ያለበት ይሰረዛል፤ መድኃኒቱም ለሌላ ይሰጣል። ሳጥኑ ደግሞ ከሩብ ዓመቱ ግምገማ በኋላ ይጣል ተባለ።

ወር ሠላሳ ቀን፣ አራት ገበያ ሃያ ስምንት! ሰውየው ቅዳሜ ይመጣል፤ መዝገቡ ሰኞ ይለዋል። ለሰኞ ብሎ ያን ሁሉ ቁልቁለት ማን ይወርዳል? እትዬ ልክነሽ ማንንም ባዶ እጁን አልመለሰችም፤ ቅዳሜ ክኒኑን ትሰጣለች። መዝገቡ ግን ለቅዳሜ ቦታ የለውም፤ ሰኞ ሲደርስ ቀይ ነው። ክኒኑን በኪሱ የያዘ ሰው ጠፋ ተባለላችሁ! እኔ ተቃጠልኩ። እሷ እቴ፣ ምን ገዷት።

በግምገማው ዕለት ጓድ ገነነ የሚሰረዙ አርባ አንድ ስሞች አነበበ። እሷ ብድግ ብላ ከነዚህ ውስጥ የጠፋው አንድ ብቻ መሆኑን፣ እሱም ዳልጮ የሚባል ሸማኔ መሆኑን ተናገረች፤ ካርዱ ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ሳጥኑ ውስጥ ቀርቷል። ጓድ ገነነ በዚህ ብቻ እንዴት እርግጠኛ እንደሆነች ጠየቃት።

«አንድ ገበያ ይስጡኝ» አለችው። «መልእክቱን ከኦይታ ጋር ልኬያለሁ። ዳልጮ ካልመጣ ሳጥኑን እኔው እፈልጠዋለሁ።»

ኦይታ የዳልጮ ጎረቤት ነው። ጓድ ገነነ እስኪ እናያለን ብሎ ስረዛውን ለሳምንት አቆየው። የአርባ አንድ ሰው መድኃኒት በአንድ ሸማኔ እግር ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። ጠዋት ከእነዚያ ጠፉ ከተባሉት የዕለቱ ተራ የደረሳቸው ሲመጡ፣ በየተራ ካርዳቸው ወጣ። ጓድ ገነነ ጥግ ይዞ ተቀምጦ ይቆጥራል። እኩለ ቀን አለፈ፤ ዳልጮ የለም። ገበያተኛው መመለስ ሲጀምር እሷ ደጅ ወጥታ መንገዱን ታይ ጀመር፤ ፈርታ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም ዳልጮ በር ላይ ቆመ። ከኋላው ሚስቱ አለች፤ በጋቢዋ አፏን ይዛ ትስላለች። ዳልጮ አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። ሳሉ ሲተወው የዳነ መስሎት ክኒኑን ለእሷ ሲሰጣት ከርሟል፤ በአንድ ካርድ ለሁለት ሰው አይሰጥም ይሉኛል ብሎም መምጣቱን ፈርቷል።

እትዬ ልክነሽ ጮኸችበት፤ እንዲያው እንደ ልጇ ወረደችበት። ከዚያ ሴትዮዋን እጇን ይዛ አስቀመጠቻት።

«የጠራሁት እሱን ነበር፤ አንቺም እንኳን መጣሽ» አለቻት። «የእሱ ለእሱ ነው፤ ያንቺ ለብቻው አለ።»

አክታዋ ሲመረመር በሽታው ተገኘባት። ዳልጮ ተሰርዞ ቢሆን ኖሮ ሁለት ሰው መቅበራችን ነበር። ጓድ ገነነ የአርባ አንዱን ስም ዝርዝር አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ የሴትዮዋን አዲስ ካርድ በገዛ እጁ ጽፎ ከሳጥኑ የትኛው ክፍል እንደሚገባ እትዬ ልክነሽን ጠየቃት።