ጡቡ ላይ ያሉት ጣቶች

ሚስ ቨርዲን ኮሌጃችንን ማጽዳት ከጀመሩ ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነው። እኔ አብሬያቸው መሥራት ከጀመርኩ ገና ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ጠዋት ባልዲ ሳያነሱ በፊት ከድሮው ቤተ መጻሕፍት ጀርባ ይሄዱና ከታች ያሉትን ጡቦች በትንሿ ጣታቸው ይነካሉ። ሦስቱ ጡቦች ላይ የልጅ ጣት የገባበት ጉድጓድ አለ። እዚህ አሜሪካ በባርነት ጊዜ ጡቡን ያገላበጡት የኛ የጥቁሮቹ ልጆች ናቸው፤ ጭቃው ሳይደርቅ ጣታቸው ታትሞ ቀረ። የሚስ ቨርዲን አባት እዚሁ አትክልተኛ ነበሩ፣ እሳቸው ናቸው ያሳዩዋቸው።

እኔን ሲያሳዩኝ አስምለውኛል። "ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ!" ድሮ ለአንድ አስተማሪ ነግረው በሳምንቱ አራተኛው ጡብ ተፈልፍሎ ጠፋ። ቀዳዳው በሲሚንቶ ተደፈነ። ከዚያ ወዲህ አፋቸውን ዘጉ።

በጥቁሮች ታሪክ ወር፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ስንደርስ ተማሪዎች ያንን ግድግዳ ነጭ እየቀቡት ነው። የኛን ሰዎች ፊት በትልቁ ሊስሉበት ነው፤ ቀትር ላይ እንግዶች ይመጣሉ። ሁለቱ ጡብ ተሸፍኗል።

ሚስ ቨርዲን ተንበርክከው በጨርቅ መፈግፈግ ጀመሩ።

"ኧረ ሚስ ቨርዲን! ግድግዳም ያጥባሉ እንዴ?" ብሎ አንዱ ሳቀ።

የተማሪዎቹ መሪ ጄሪካ ግን አልሳቀችም። "ይሄን ሥዕል ለማስፈቀድ የኮሌጁን ኃላፊዎች ሁለት ዓመት ለምነናል! እርስዎም ከነሱ ጋር ሆኑ?"

"ዞር በይልኝ የኔ ልጅ። ሊደርቅብኝ ነው።"

አለቃችን ሌመር እየሮጠ መጣ። "ሚስ ቨርዲን፣ ይነሱ። ሁለት ማስጠንቀቂያ አለብዎት። ሦስተኛው መባረር ነው።"

"አንተ ሌመር፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ንፍጥህን የጠረግኩልህ እኔ ነኝ። ጻፈው።"

ወረቀቱን አወጣ። የቀለሙ ጠርዝ መድረቅ ጀምሯል። ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ መሐላው ትዝ አለኝና ዘጋሁት። ጄሪካ የቀለም መቀቢያ ሮለሯን ነክራ ወደ ሦስተኛው ጡብ ሄደች። ሚስ ቨርዲን መዳፋቸውን ጡቡ ላይ ለጠፉ። ሮለሩ በላያቸው ሄደ። እጃቸው እስከ አንጓው ነጭ ሆነ።



"ነይ" አሏት ለጄሪካ። "ትንሿን ጣትሽን ስጪኝ።" ጣቷን ይዘው ጡቡ ውስጥ ከተቱት። "ልጅ ነው። የኛ ልጅ ነው፣ ይሄን ጡብ የሠራው።"

ጄሪካ ሮለሩን አስቀመጠች። "ለምን አልነገሩንም?"

"ስነግራቸው አንዱን ወሰዱታ!"

ሌመር ጎንበስ ብሎ አውራ ጣቱን ሞከረ። አልገባለትም። ተነስቶ ሄደ። ሊከሳቸው ነው አልኩ። ሲመለስ በሁለት እጁ ሁለት ባልዲ ውሃ፣ ኪሱ ሙሉ የጥርስ ብሩሽ።

"ምን ታፈጣላችሁ?" አለ። "ቶሎ በሉ እንጂ!"

ቀለሙ ከጡቦቹ ላይ በደንብ ለቀቀ። አንዱ ጣት ውስጥ ብቻ ነጩ ቀረ። ሥዕሉን ከላይ ጀምረው ሣሉት፣ የታችኛውን መደዳ ባዶውን ተዉት።

አሁን የሚያውቅ ሰው በዝቷል። ጄሪካ "ሁሉም ካወቀው ማንም አይነካውም" ትላለች።  እኔና ሚስ ቨርዲን ግን ጠዋት ጠዋት ባልዲ ሳናነሳ አብረን እንሄዳለን። እስከ ዛሬ ሦስቱም አሉ። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ግን ሁሌም ቀድሜ ሮጬ እቆጥራቸዋለሁ።