በማርያም ዕለት የተሰበረ እግር

እናቴ እግሯ የተሰበረው በሃያ አንድ፣ በማርያም ዕለት ነው። ማመልከቻው ላይ ሃያ ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ወደ ብልባላ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ የእንግዳ ማረፊያ ይሠራ ነበር። እናቴና አንዲት ጎረቤታችን እዚያ በባሬላ ድንጋይ ያመላልሳሉ፤ እናቴ ከፊት፣ ጎረቤታችን ከኋላ። ካቦው በማርያም የቀረ በማግስቱም እንዳይመጣ ስላለ ሁለቱም ገቡ። ቁልቁለቱ ላይ የኋላዋን ሲያዳልጣት ድንጋዩ ወደ ፊት ተንሸራቶ የእናቴ ቁርጭምጭሚት ላይ ወደቀ።

ሁለት ቀን ወጌሻ አሻት። ጤና ጣቢያ የደረስነው በሃያ ሦስት ስለነበር የሐኪሙ ወረቀት አጥንቱ መሰበሩን እንጂ መቼ እንደተሰበረ አይናገርም። ወልድያ ሄዳ እንድትታከም ጻፉላት። አሠሪው የሚከፍለው የጉዳት ካሳ ካልተፈቀደ ግን የምናሳክምበት አልነበረንም።

ማመልከቻውን ስጽፍ ቀኑን ጠየቅኋት።

«ሃያ በይ» አለችኝ።

«ሃያ አንድ አይደል እንዴ፣ እምዬ?»

«የማርያም ማኅበርተኛ ሆና በማርያም ድንጋይ ስትሸከም ዋለች እንዲሉኝ ነው? ሃያ በይ አልሁሽ!»

ለማኅበርተኞቿ የዚያን ቀን ከማኅበሩ የቀረችው አሟት እንደሆነ ነግራቸዋለች። እኔም አልተከራከርሁም። መከራከር አይሆንልኝም፤ ደግሞም የአንድ ቀን ልዩነት ማን ልብ ይለዋል ብዬ አሰብሁ።

የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ስንቀርብ ጉዳዩን የያዘው ባለሙያ የግንባታውን አቴንዳንስ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«እማማ፣ በሃያ ሲሚንቶ አልቆ ሥራ አልነበረም። አንድም የፈረመ ሰው የለም።»

«በሕልማቸው ተሸክመው ይሆናላ!» አለ በአሠሪው በኩል የመጣው ካቦ።

ባለሙያው አልሳቀም። «ቀኑ ካልገጠመ ማመልከቻውን ልቀበለው አልችልም» አለ።

ለምስክርነት የመጣችው ጎረቤታችን የነጠላዋን ጫፍ ስታፍተለትል ቆይታ የእናቴን ክንድ ነካች።

«እንግዲህ ንገሪያቸው፣ እህቴ።»

«ከኋላ ሆነሽ የጣልሽብኝ አነሰሽና አሁን ደግሞ ትገፊኛለሽ?» አለቻት እናቴ። ከዚያ ወደ ባለሙያው ዞረች። «በሃያ አንድ ነው። በማርያም። ሁለታችንም ነበርን።»

ባለሙያው ገጹን ገልጦ የሁለቱንም የጣት አሻራ አገኘ። ቀና ብሎም እኔን አየኝ።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ። ምን ነክቶሽ ነው ሃያ ያልሽው?»

አዲስ ወረቀት ሰጠኝና እዚያው ቁጭ ብዬ እንደገና ጻፍሁ። እናቴ አሻራዋን ቀጥ አድርጋ አሳረፈች። የእኔ ጽሑፍ ግን ከመስመሩ ወጥቶ ነበር።

ካሳው ተፈቀደ፤ ወልድያም ሄደን ታከመች። ወሬው ማኅበርተኞቿ ዘንድ ቀድሞን ስለደረሰ፣ እንደተመለስን የንስሐ አባታችን እኛ ቤት ድረስ መጡ። እናቴ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረቻቸው። እሳቸውም ጀሶ የታሰረውን እግሯን አይተው የንስሐ ስግደቷን እስክትድን አቆዩላት። ለእኔም ሐሰት በመጻፌ ስግደት አዘዙልኝ።

«አባቴ፣ የእሷንም እኔ ልስገድላት?» አልኋቸው።

«የራስሽን ጨርሺ» አሉኝ።