አሥራ ሰባት ሰማያዊ ሽቦዎች

ሀጀራ ቁጡ ናት። መካነ ሰላም ውስጥ የሚያውቋት ሁሉ ይህን ይመሰክራሉ፤ «ዐረብ አገር ነው ያበላሻት» የሚሉም አሉ። ውሸታቸውን ነው፤ ከመሄዷም በፊት እንዲሁ ነበረች። ደግሞስ ምን ታድርግ? የሆነባትን ሰምታችሁ ፍረዱ።

ቴክኒክና ሙያ ገብታ ኤሌክትሪክ ተማረች፤ በክፍሏ የነበሩትን ወንዶች ሁሉ በልጣ ተመረቀች። ሥራ ስትጠይቅ ግን «ሴት ልጅ ምሰሶ ላይ ልትወጣ?» እያሉ ሳቁባት። ወንዶቹ ተቀጠሩ። እሷ ሰርተፍኬቷን ሻንጣ ውስጥ ከታ ሪያድ ሄደች፤ ስድስት ዓመት የሰው ሳህን አጠበች። በሁለተኛው ዓመት እናቷ የሺእመቤት ደውላ፣ «አብዱራህማን ሥራ ፈቶ ጫት ላይ እየዋለብኝ ነው፣ ሞተር ብትገዢለት ሰው ይሆናል» አለቻት። ገዛችለት፤ አሮጌ ግን ደህና የጃፓን ሞተር።

ወንድሟ ሰው አልሆነም። ስትመለስ ሞተሩን ያገኘችው ጓሮ፣ የፍየሎቹ ጋጥ ውስጥ ነው። ባትሪው የለም፤ የት እንዳደረሰው አብዱራህማን ዛሬም አይናገርም። ፍሬቻዎቹ ተሰብረዋል፣ ክላክሱ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል፣ ወንበሩ ላይ ዶሮ ያድርበታል። ደሟ ፈላ። እናቷ ግን «ልጅ አይደል፣ ምን ያውቃል» ብላ አለፈችው። ልጅ የተባለው ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ሀጀራ ሞተሩን ራሷ ልታስነሳው ቆረጠች። ከተነሳላት፣ ሚኒባስ ወደማይደርስባቸው ገበያዎች፣ በከላላ በኩል ሰው በእግሩና በበቅሎ ወደሚሄድባቸው መንደሮች ልብስ ጭና እየዞረች ትሸጣለች። ካልተነሳ ሌላ መላ የላትም። የኤጀንሲው ሰው «ሪያድ አሠሪ ተገኝቶልሻል፣ ፓስፖርትሽን እስከ ሐሙስ አምጪ» እያለ በየቀኑ ይደውላል። ለእናቷም ነግራታለች፦ «ከተነሳ እቀመጣለሁ። ካልተነሳ ወላሂ እሄዳለሁ፣ እንዳታለቅሺብኝ።» የሺእመቤት ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል በቅጡ አልወርድ አላት።

የሞተሩን ውስጥ መካኒክ ፈታቶ፣ አጥቦ ገጥሞላታል። መከራው ኤሌክትሪኩ ነው። ሽቦ በቀለሙ ይለያል ይባላል፤ የዚህ ሞተር ግን አይለይም። አንዱ በተቃጠለ ቁጥር የአብዱራህማን ጓደኞች ከአንድ ጥቅልል ላይ ሰማያዊ ሽቦ እየቆረጡ ስለተኩት፣ አሥራ ሰባቱም አንድ ዓይነት ሆነዋል። ሀጀራ ከመንቀሏ በፊት እያንዳንዱን ተከታትላ ለየችው። ናስትሮ በቅባቱ ላይ አልጣበቅ ስላላት የልብስ መስፊያ ክር ወሰደች፤ ቀይ ክር በአንድ ቋጠሮ ለክላክሱ፣ በሁለት ቋጠሮ ለፊት መብራቱ፣ ጥቁር ክር ለባትሪው፣ እያለች በሁለቱም ጫፍ አሰረችበት። ከዚያ ሽቦዎቹን እንደታሰሩ ነቅላ፣ የሞተሩን ብረት ፍቃ ቀለም ቀባችው። ቀለሙ እስኪደርቅ ጥቅሉን ዶሮ እንዳይበትንባት በጨርቅ ጠቅልላ አልጋዋ ሥር ወሸቀችው።

ማክሰኞ ባትሪ ገዝታ ስትመለስ እናቷ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላለች። ሽቦዎቹ ጭኗ ላይ ናቸው። አንድም ክር የለባቸውም።

«ምን አደረግሽ?»

«አብሽሪ ልጄ፣ ፈትቼልሻለሁ» አለች የሺእመቤት፣ ፊቷ በርቶ። «አልጋሽ ሥር አገኘሁት። ቀይ ክር፣ ጥቁር ክር፣ ቋጠሮ በቋጠሮ። እኔም እላለሁ፣ ይቺ ልጅ ምን ነክቷት ነው በሠላሳ አንድ ዓመቷ ትዳር የራቃት፣ አገሯ መርጋት ያቃታት? ለካ ድግምት አሥረውብሽ ኖሯል። ከቁርኣን ቁል አዑዙን እየቀራሁ አንዱንም ሳላስቀር ፈታሁት። ክሩንም ወንዝ ሰደድኩት።»

ሀጀራ ባትሪውን መሬት አስቀመጠች።

«ያሠርኩት እኔ ነኝ። የሞተሩ ምልክት ነው። ሁለት ሳምንት የለፋሁበት ነው።»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ...» አለች የሺእመቤት።

«መጠየቅ አፍሽን ያደክመዋል? ሁለት ሳምንት ሙሉ ጋጥ ውስጥ ስንበረከክ እያየሽ፣ አንድ ቀን መጥተሽ ‹ምን እየሠራሽ ነው› ብለሽኛል? አብዱራህማን ሲያስነጥሰው ትጠይቂዋለሽ። እኔ ስድስት ዓመት ስደውል ‹ምን ትልኪያለሽ› አልሽኝ እንጂ ‹ምን በላሽ› አልሽኝ? አልጋዬ ሥር ገብተሽ ድግምት ከምትፈልጊ እኔን ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

ጎረቤታቸው ብርሀንነሽ ጩኸቱን ሰምታ በአጥሩ ብቅ ብላ ነበር፤ የሀጀራን ዓይን ስታይ ተመልሳ ገባች።

እውነቱን ለመናገር የሺእመቤት ክፉ አላሰበችም። ልጇን ለማስቀረት ስትል፣ ልጇን የሚያስቀርላትን ነገር በገዛ እጇ ፈታችው። ይህ ለሚሰማው ያሳዝናል። ሀጀራን ግን የባሰ አናደዳት። በክፋት የተደረገ ቢሆን ተጣልታ በተገላገለች ነበር፤ በፍቅር ለተደረገ ጥፋት ማንን ይከሷል?

ረቡዕ ማለዳ ወደ ጋጡ ስትገባ እናቷ ቀድማ ቆማ አገኘቻት።

«ምን ልያዝልሽ?»

ሀጀራ ልታባርራት ነበር። ግን ሁለት እጅ ብቻውን አይበቃም። አንዱ ሽቦው ከባትሪው የታሰረ ትንሽ አምፑል አስጨበጠቻት። «እያንዳንዱን ጫፍ አስነኪው፤ ሲበራ ንገሪኝ። ሌላ ወሬ አልፈልግም።»

ሥራው አሰልቺ ነው። ሀጀራ በፊት በኩል የአንዱን ሽቦ ጫፍ ከባትሪው ታገናኛለች፤ የሺእመቤት ከኋላ ካሉት አሥራ ሰባት ጫፎች መካከል አምፑሉን የሚያበራውን ትፈልጋለች። ጥንዱ ሲገኝ፣ ሀጀራ በርዝመቱና በመታጠፊያው ከየት ወዴት እንደሚሄድ ትገምታለች። «በራ» ትላለች እናት፣ መጀመሪያ በፍርሃት፣ ኋላ ኋላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ሁለት ጊዜ ግምቱ ተሳስቶ ፊውዝ ተቃጠለ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች የሺእመቤት።

«አዎ፣ ያንቺ ነው» አለች ሀጀራ፤ አዲስ ፊውዝ ከተተች።

ዐሥር ሰዓት ገደማ የመጨረሻው ሽቦ ቦታውን ያዘ። ቁልፉን ስታዞር የፊት መብራቱ በራ። ፔዳሉን ሦስት ጊዜ ረገጠች፤ በሦስተኛው ሞተሩ ጮኸና ተነሳ። ፍየሎቹ ተበታተኑ። ሪያድ ቀረ።

የሺእመቤት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «አልሐምዱሊላህ። ቆዪ፣ አብዱራህማንን ልጥራው፣ መጥቶ ይንዳው።»

ከማክሰኞው ይልቅ ይሄኛው ነው የሀጀራን አንጀት ያሳረረው።

«አራት ዓመት ሲነዳው አንድ ቀን ጭኖሽ ያውቃል?»

«ጉልበቴን ያመመኝ ጊዜ... ቸኩያለሁ አለኝ።»

«ሐኪም ቤት በምን ሄድሽ ታዲያ?»

«በእግሬ።» ይህን ስትል የሺእመቤት መሬት መሬቱን ታይ ነበር።

«ሞተሩ ላይ ውጪ። ከኋላዬ ተቀመጪ።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ያሻውን ይበል። ውጪ እማ።»

የሺእመቤት ቀሚሷን ሰብስባ፣ ሁለት ጊዜ ሞክራ ወጣች። የልጇን ወገብ ጭምቅ አድርጋ ያዘች። ወደ ገበያው መንገድ ሲወጡ ባለሱቁ ሀምዱ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሞተሩን ሲያይ፣ «የሺ፣ አብዱራህማን አስጠገነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

ሀጀራ ጥርሷን ነከሰች። እናቷ ምን እንደምትመልስ የምታውቅ መስሏት ነበር።

«ሀጀራ ናት የሠራችው» አለች የሺእመቤት ከሞተሩ ድምፅ በላይ። «እኔ ፈታሁባት፣ እሷ ደግማ ሠራችው።»

ሀጀራ ዞር ብላ አላየቻትም፤ ቁጣዋም ገና አልወጣላትም። ግን ፍጥነቷን ቀነሰች፣ የሚቀጥለውም ባለሱቅ እንዲጠይቃቸው።