ቃል ያልተጻፈበት መስመር

ከሚሴ ላይ የቀበሌው ጠባቂዎች ከማስተምርበት ስድስተኛ ክፍል ጎትተው ሲያወጡኝ ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። የከተቱኝ የቀበሌው እህል መጋዘን ውስጥ ነው፤ ወለሉ አፈር፣ ሽታው የነቀዘ ማሽላ። መቀመጥ አልሆነልኝም። ከግድግዳ ግድግዳ እመላለስ ጀመር።

ጥፋቴ አንድ ወረቀት ነው። ለሳይንስ ትምህርት መሃሉ ላይ «ህዋስ» ብዬ ጽፌ፣ ተማሪዎቹ የሚሞሏቸው አምስት ባዶ ክቦች በመስመር አያይዤበት ነበር። በዚያ ዘመን ግን በድብቅ የተደራጀ ቡድንም ህዋስ ይባል ነበር።

«አምስቱ እነማን ናቸው?» አለ መርማሪው።

«የህዋስ ክፍሎች ናቸው።»

«እሱንማ እኔም አልኩ።» ወረቀቱን ከእስክሪብቶ ጋር መለሰልኝ። «እስከ አስር ሰዓት ስም ሙላበት። አንድ እንኳ ብትሰጠኝ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

እውነቱን ልናገር፤ ቶሎ የመጣልኝ አብሮኝ የሚኖረው መምህር ስም ነበር። ምንም ያላደረገ ሰው። አፈርኩ፤ ስሙ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

አብረውኝ የታሰሩት የሰንበቴ ገበያ ከብት ነጋዴ፣ አንድ ሽማግሌ፣ «አንተ መምህር፣ አዞርከኝ እኮ። ታኢ፣ ቁጭ በል» አሉኝ። ማንበብ አይችሉም። ወረቀቱ ላይ ከአንዱ ክብ ወደ መሃሉ የሚሄደውን መስመር በጣታቸው ተከተሉት።

«ይኼ ለዚህ ምኑ ነው?»

«ይመግበዋል፣ አባቴ።»

«የቱ ላይ ተጽፏል?»

«አልጻፍኩትም።»

«ወላሂ፣ እኔንም ያሳሰረኝ ይኸው ነው። ከአንድ አፋር ጋር ገበያ መሃል ቆምኩ። በሬ ሲሸጥ ነው የሚል ጠፋና፣ ሲማከር ነው ተባለ።»

ያኔ ተቀመጥኩ። ክቦቹን በህዋስ ክፍሎች ሞላሁ፤ በየመስመሩም ላይ ጻፍኩ፦ ያቅፋል፣ ይመግባል፣ ያዝዛል።

አስር ሰዓት ላይ መርማሪው ወረቀቱን ተቀብሎ ሲያነብ «ያዝዛል» ላይ ቆመ። «ማነው የሚያዝዘው?»

«ኒውክለስ።»

«የት ነው የሚኖረው?»

«በሁላችንም ውስጥ። በእርስዎም።»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ጀርባዬ ያስታውሰዋል። ስምንት ወር ቆየሁ። ሽማግሌው በሦስተኛው ሳምንት ተጠሩ፤ አልተመለሱም።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የልጅ ልጄ ደብተር ላይ ቃል የሌለው መስመር ካየሁ እቆጣለሁ። ያ አብሮኝ ይኖር የነበረው መምህር ዛሬም ዓርብ ዓርብ ይጠይቀኛል። እሱ ሲመጣ መቀመጥ አይሆንልኝም።

«ምነው፣ ቁጭ በል እንጂ፤ አዞርከኝ» ይለኛል እየሳቀ።

እቀመጣለሁ። ስሙ ያን ቀን እስክሪብቶው ጫፍ ድረስ መጥቶ እንደነበር እስካሁን አልነገርኩትም።