ለውሃ ጀርባ የማይሰጠው ሰው

ባለፈው ቅዳሜ ከሰቆጣ ገበያ ስመለስ፣ ከግቢያችን አጠገብ አዲስ ከተከፈተው ዓሣ ቤት የሚወጣው ሽታ መንገዱን ሞልቶት ነበር። የጋለ ዘይት፣ ቃሪያ፣ ከሥራቸው ደግሞ ዓሣ የቱንም ያህል ቢታጠብ የማይለቀው ያ የጭቃ ሽታ። እኔ በዚያ ቤት ሳልቆም አላልፍም። የምቆመው ለመብላት አይደለም። ሰውየው ለሽያጭ ያወጣውን ዓሣ መተንፈሻውን፣ ስንጥቡን ገልጬ ቀይ መሆኑን አያለሁ፤ ካልቀላ ለሚሰማኝ ሁሉ እናገራለሁ።

ያን ቀን ግን የምሄድበት ጉዳይ ሌላ ነበር። ጠዋት ልጄ ምሕረት፣ ቢጫው ጀሪካናችን ከበራፍ እንደጠፋና የወሰደውም የዓሣ ቤቱ ሰውዬ እንደሆነ ነግራኛለች። ውሃ በወረፋ በሚቀዳበት ከተማ ጀሪካን ቀላል ዕቃ አይደለም። የምናገረውን በመንገድ አዘጋጅቼ፣ ዘንቢሌን በግራ እጄ አዙሬ ልገባ ስል ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ደጃፉ ላይ ቆምኩ። አያ ኪሮስ ትዝ አለኝ።

ያደግሁት አበርገሌ ቆላ ውስጥ፣ ተከዜ ዳር ነው። ያ ዳር አሁን የለም፤ ግድቡ ሲሞላ ሐይቁ ዋጠው። ያኔ ግን ክረምት አልፎ ወንዙ ሲጎድል ሰፊ ነጭ አሸዋ ይተው ነበር። አያ ኪሮስ ወደዚያ አሸዋ የመጣው ወታደሩ በየአገሩ በተበተነበት ዘመን ነው። የእኛው መንደር ተወላጅ ነው፤ ጢም ሳያወጣ ሄዶ ወጣትነቱን ምጽዋ ባሕር ዳር ጨርሶ፣ ዓይኗ የጠፋ እናቱን ሊጦር ተመለሰ። የያዘው ንብረት ቀለሙ የለቀቀ የወታደር ካፖርትና አንድ የሸራ ከረጢት ነበር። በከረጢቱ ውስጥ፣ በባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ላይ የተጠመጠመ የናይለን ክር፣ ቡሽ ላይ የተሰኩ መንጠቆዎችና ራሱ አቅልጦ የሠራቸው የእርሳስ ድብልብሎች ነበሩት።

እኛ አገር ዓሣ የሚያዝበት መንገድ ይታወቃል። ውሃው ሲቆራረጥ ኩሬውን መገደብ፣ ወይም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ዱቄቱን መበተንና ሰክሮ ሲንሳፈፍ መልቀም ነው። አንድ ትልቅ ሰው ክር ጣቱ ላይ አንጠልጥሎ ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃ ሲያይ የዋለበትን ጊዜ ማንም አያስታውስም። ስለዚህ ሰው ጠረጠረ። አንዱ ወርቅ ቀብሮ ይጠብቃል አለ። ሌላው መሣሪያ ጥሎበት ነው አለ። እናቴ ደግሞ እሱ ከቆመበት በታች ውሃ እንዳንቀዳ ከለከለችን።

ከሁሉ የከፋው አወራወሩ ነበር። መጀመሪያ ከትንሽ ጣሳ ዱቄት ዘግኖ ውሃው ላይ ይበትናል። ከዚያ ክሩን ይወረውራል። እርሳሱ ጠልቆ ውሃው እንደተዘጋ፣ ፊቱን ከወንዙ ሳያዞር ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። በእኛ ዘንድ ሰው ፊቱን ሳያዞር ወደ ኋላ የሚያፈገፍገው ከታቦት ፊት ነው፤ ለውሃ እንዲህ የሚያደርግ አይታወቅም። ዱቄቱ ግብር ነው፣ ማፈግፈጉ ስግደት ነው ተባለ። የውሃ ጌታ አለው ተባለ። እኔም አመንኩ። ልጅ ስለነበርኩ ብቻ አይደለም፤ ዛሬም ቢሆን ምክንያቱን ያልተረዳሁትን ነገር በበጎ አልተረጉምም።

ማሽላ ታጭዶ ባለቀበት ሰሞን የአያ ወልዱ ፍየሎች ወንዝ ጠጥተው በወጡ ቁጥር ይሞቱ ጀመር። ይነፋሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይወድቃሉ። አያ ወልዱ ብርብራ ነው ብሎ ጮኸ፤ አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝ ማለት መንደሩ ሁሉ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ወደ ሥራው የማይሄድበት ሸንጎ ነው። ያየም የሰማም ለሽማግሌ በጆሮው ይነግራል፤ የተናገረው ሰው ስም አይወጣም፤ ወፍ ነገረን ይባላል። ያን ቀን ወፎቹ ሁሉ አንድ ስም ይዘው መጡ። ጥፋቱ ከጸና አያ ኪሮስ ከመንደሩ ይወጣል፤ ዓይነ ስውሯን እናቱን ትቶ ወይም አዝሎ።

«ከጣሳው የምትበትነው ምንድን ነው?» ሲሉ ሸንጎውን የሚመሩት ቄስ ጠየቁት።

«የማሽላ ዱቄት ነው አባ። የተቆላ።»

«ዓሣ ትቀልባለህ?»

«እንዲሰበሰብልኝ ነው።»

«ሰው በሌማቱ ያጣውን ማሽላ ይሄ ለዓሣ ይቆላል» አለ አያ ወልዱ። «ድርቆሽ ነው እንዴ የሚጠብቁት ዓሣዎችህ? ወጥም ጨምርላቸው እንጂ።» ሰው ሳቀ።

ቄሱ እንዲምል ጠየቁት። አያ ኪሮስ ካፖርቱን ጉልበቱ ላይ አጥፎ፣ «አላደረግሁም ብያለሁ አባ። ቃሌ ካልበቃችሁ መሐላዬም አይበቃችሁም» አለ። ይህ መልስ የበለጠ አስጠረጠረው። ንጹሕ ሰው መሐላ ምን ያስፈራዋል ተባለ። በመጨረሻም የሚጠብቀው ሰው ይመደብ ተባለና አባቴ ተመረጠ፤ በአካባቢያችን ማንንም እንደማያምን የሚታወቅ እሱ ነበርና። እኔንም ይዞኝ ወረደ።

አሸዋው ላይ እንደደረስን አባቴ እጁን ዘረጋ። «የዱቄቱን ጣሳ ወዲህ በል።»

«ይውሰዱት አያ ጌታሁን። እንዳይበሉት ብቻ፤ ነቀዝ ገብቶበታል።»

አባቴ አልሳቀም። ጣሳውን ከዱላው ጋር ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ «አንተ እጁን እይ፤ ፊቱን ተወው፣ ፊት ያታልላል» አለኝ። እኔም እጁን አየሁ። መርዝ እፈልግ ነበር፤ ሳላስበው ዓሣ ማጥመድ ተማርኩ።

አያ ኪሮስ ውሃ ዳር እንደደረሰ ክር አይፈታም። መጀመሪያ ራቅ ብሎ፣ ጥላው ውሃ ላይ እንዳይወድቅ ፀሐዩን ፊት ለፊት አድርጎ ይቆማል። ፈጣኑ ውሃ ካዘገመው ጋር የሚተሻሽበትን መስመር ይፈልጋል፤ ዓሣው በረጋው በኩል ቆሞ ፈጣኑ የሚያመጣለትን ይጠብቃልና። መንጠቆው ላይ ፌንጣ ይሰካል። ክሩ የተጠመጠመበትን ጣሳ በግራ እጁ አፉን ወደ ወንዙ አዙሮ ይይዛል። በቀኙ ከእርሳሱ አንድ ክንድ ከፍ አድርጎ ክሩን ከራሱ በላይ ያሽከረክርና ይለቀዋል፤ ክሩ እየተንሿሿ ከጣሳው ራሱ ይፈታል። ከዚያ ክሩን በሌባ ጣቱ ላይ ያሳርፈዋል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ክሩ እንደነካው ይጎትታል። የመጀመሪያው ንክኪ ወይ ውሃው ነው፣ ወይ ዓሣው እየቀመሰ ነው። ጣቱ ይጠብቃል። ክሩ ከብዶ ሲሄድ ብቻ ይይዛል፣ ያኔም ከመጎተት ይልቅ ወደ ኋላ ይራመዳል፤ ዓሣው ተከትሎት አሸዋው ላይ ይወጣል። አምባዛ ከሆነ ከክንፉ እሾህ ጀርባ ይጨብጠዋል። ትንሽ ከሆነ እጁን አርሶ ይመልሰዋል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባቴ፣ «ለማን ነው የምታፈገፍገው?» አለው በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ።

«ለማንም። ምጽዋ ላይ ባሕሩ እየወጣ ይመለሳል። ጀርባ ከሰጡት መጥቶ ይጥልዎታል። መጀመሪያ የሚማሩት ይህን ነው። እግሬ ለመደ።»

«ተከዜ አይመጣም።»

«እኔ አውቃለሁ አያ ጌታሁን። እግሬ ነው የማያውቀው።»

አባቴ መለስ ብሎ አየኝና ራሱን ነቀነቀ። አላመነውም።

አንድ ማለዳ፣ አያ ኪሮስ ገና ክር ሳይፈታ፣ የዱቄቱ ጣሳ አባቴ ጭን ላይ እንደተዘጋ፣ የአያ ወልዱ ፍየሎች ከላይ ወረዱ። የወረዱት በመንገዱ አልነበረም። የታጨደውን የሌላ ሰው ማሽላ ማሳ ሰንጥቀው ነው የመጡት። ከተቆረጠው አገዳ ሥር አዲስ አረንጓዴ በቅሎ ነበር፤ ያ ለጋ ማሽላ ከብት እንደሚገድል ቆላ ያደገ ሁሉ ያውቃል። የአንዷ ፍየል አፍ ገና አረንጓዴ ነበር። ጠጣች፣ አሸዋው ላይ ትንሽ ሄደች፣ ተንቀጠቀጠችና ወደቀች። አባቴ ተነስቶ አፏን በዱላው ከፈተ፤ ካኘከችው ቅጠል ቆንጥሮ በነጠላው ጫፍ ቋጠረ። ከዚያ ወደ አያ ኪሮስ ዞረ።

«ይህን ከዚህ በፊት አይተሃል?»

«ከማሳው ሲወጡ አይቻለሁ። ሁልጊዜ በዚያ ነው የሚመጡት።»

«ታዲያ በሸንጎው አፍህን ምን ዘጋው? ሊያስወጡህ ነበር እኮ። እናትህን ማን ይይዝልህ ነበር?»

አያ ኪሮስ ክሩን ከጣሳው ላይ መፍታት ጀመረ። «ሲወጡ ነው ያየሁ። ሲበሉ አላየሁም። እኔ ላይ የተናገሩትም እንዲሁ ሲበትን አየን ብለው ነው መርዝ ያሉት።»

አባቴ የሞተችውን ፍየል ትቶ ወደ መንደር ወጣ። በሸንጎው ፊት ነጠላውን ፈትቶ ያየውን ተናገረ። አያ ወልዱ ፍየሎቹን የሰው ማሳ ውስጥ የሚለቃቸው እሱ ራሱ ነበር፤ ምን እንደገደላቸውም ያውቅ ነበር። የራሱን ነጠላ ወደ ፊቱ ስቦ ተቀመጠ። አያ ኪሮስ በእናቱ ጎጆ ቀረ።

ጥርጣሬው ግን አልቀረም። አሁን ደግሞ ኪሮስ በጌታሁን ላይ ድግምት አዙሮበታል ተባለ። አባቴም ሲጠየቅ፣ «ፍየሏን አልገደለም። ስለ ሌላው አላውቅም» ከማለት አላለፈም፤ ከቤታችን ግን ማንም ሰው ስለ ኪሮስ ያላየውን እንዳያወራ ከለከለ። አያ ኪሮስ እናቱን ቀብሮ፣ ግድቡ ሳይሞላ እሱም ሞተ። ቄሱ ሲያናዝዙት ምን እንደነገራቸው እሳቸውና እግዚአብሔር ያውቃሉ።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት ራሴን በራሴ አስተምሬ ነው። አስተማሪዬ ማን ነው ብባል የምጠራው ስም ግን አለኝ። አንዳንዴ ልጆቼን ይዤ ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ። ነፋስ ሲነሳ ውሃው ትንንሽ ማዕበል ሠርቶ ዳር ይወጣል፤ ተከዜ አሁን ይመጣል። ወርውሬ ወደ ኋላ ሳፈገፍግ በጀልባ መረብ የሚጥሉት ወጣቶች፣ «ጋሼ፣ እዚህ ታቦት ወርዷል እንዴ?» ይሉኛል።

ያን ቅዳሜ ዓሣ ቤቱ ሳልገባ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ምሕረትን ጠራኋት።

«ጀሪካኑን ሲወስድ አየሽው?»

«ከበራችን ሲወጣ አየሁት አባዬ።»

«ጀሪካን ይዞ?»

«ጀርባውን ነው ያየሁት።»

«እንግዲያው ሲወጣ አየሁት በይ። ሌላ አትጨምሪ።»

ጀሪካኑ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሰውየውን እጠረጥራለሁ፤ አልደብቅም። ባለፍኩ ቁጥር ወደ ጓሮው ቢጫ ነገር ይኖር እንደሆነ አያለሁ፤ ካየሁ እናገራለሁ። እስከዚያው ስንጥብ እገልጣለሁ፣ ደህና ዋልክ እለዋለሁ፣ እሱም ደህና ዋልክ ይለኛል። ከደጃፉ የምወጣው ግን ፊቴን ከእሱ ሳላዞር ነው።