ያልማለችው

ከድንበር ማዶ፣ ሃይ ማላካል በሚባለው ሰፈር ባለው ሆቴሌ አንድ እንግዳ ሰዓቱ ከክፍሉ ጠፋበት። ሥራ አስኪያጄ ሠራተኞቹን ሰብስቦ በመጽሐፍ ቅዱስ እናስምላቸው አለኝ። መጽሐፉን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። ሁሉም በየተራ እጃቸውን እየጫኑ ማሉ። ክፍል የምታጸዳው፣ ጋምቤላ ያደገችው ኒያንዴንግ ግን እጆቿን ወደ ኋላ ሰበሰበች።

"ማዳም፣ አልወሰድኩም። በእግዜር ስም ግን አልምልም።"

የመጽሐፉ ቆዳ የሰው እጅ ላብ ይሸታል። የነፍስ አባታችን የአባ የእንጨት መስቀልም ልክ እንዲህ ይሸት ነበር።

ያኔ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው። የእናቴ ቀለበት ጠፋና የነፍስ አባታችንን ወደ ቤት አስጠራች። መስቀሉን ጨብጬ ከሁሉ ቀድሜ የማልኩት እኔ ነበርኩ። ልብስ የሚያጥቡልን እትዬ ዘነበች፣ "በመስቀሉ አልምልም፣ እፈራለሁ" አሉ። እናቴ በዚያኑ ዕለት አሰናበተቻቸው። አባ መስቀላቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣

"መማል የፈራችውን አባረርሽ፤ ለመማል የቸኮለችውንስ?" አሏት።

ቀለበቱ ካልሲዬ ውስጥ ነበር፤ ቁርጭምጭሚቴን ሲቆረቁረኝ ዛሬም ይሰማኛል።

"እትዬ፣ አልምልም አለች እኮ" አለ ሥራ አስኪያጄ ስልኩን እያወጣ። "ሌላ ምን እንጠብቃለን? ፖሊስ ጋ ልደውል?"

ኒያንዴንግ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። የማሉትም ሁሉ ያዩኛል። መጽሐፉ በእጄ ላብ ረጥቧል፤ ላስቀምጠው ግን አልቻልኩም።